ያረጀ ፍሬት እንዴት ይታደሳል? ከማመጣጠን እስከ ማወልወል

ክራር ፍሬት፣ ማለትም ክሩ በጣት የሚጫንበት አንገት ላይ የተቀበረ የብረት ዘንግ፣ የለውም፤ ማሲንቆም የለውም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ክሩ ላይ ያሳርፋል እንጂ ክሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቅም። ክራር ደርዳሪም ድምፁ ካልጣመው ክሩን አጥብቆ ወይም አላልቶ ይገላገላል። ጊታር፣ ቤዝ ጊታርና ማንዶሊን ግን የድምፃቸው ልክ ገና ሲሠሩ በብረት የተወሰነ ነው። አንዱ ፍሬት ከጎረቤቱ በአንድ ወረቀት ውፍረት ከፍ ካለ፣ ወይም አናቱ ከተደፈጠጠ፣ መቃኛው ሲጠመዘዝ ቢውል ለውጥ የለም። ጎንደር ውስጥ በየሆቴሉ መድረክና በየጸሎት ቤቱ ሲመታ የኖረ ጊታር “አርጅቷል” ሲባል ብዙውን ጊዜ ያረጀው ፍሬቱ ነው፤ እንጨቱ ደህና ነው። ይህ ደግሞ በሞረድ፣ በብርጭቆ ወረቀትና በትዕግሥት የሚታደስ ነገር ነው። አደጋው ሞረዱ ቀድሞ ሲነሳ ነው። የተሞረደ ብረት አይመለስምና ከሥራው ግማሽ በላይ የሚሆነው መለካት ነው።

ፍሬት ምን ሆኖ ያረጃል?

ፍሬቶች አንገቱ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ፣ ማለትም በፊንገርቦርዱ ላይ፣ በአግድም የተቀበሩ የብረት ዘንጎች ናቸው። እግራቸው ጥርስ አለው፤ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ተመትቶ ይገባል። ከላይ የሚታየው አናት ጎበጥ ያለ ነው፤ ወርዱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ አዲስ ሳለ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። አብዛኛው ፍሬት የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። የብረት ክር ከዚህ ቅይጥ ስለሚጠነክር ቀስ በቀስ ይበላዋል። አበላሉም እኩል አይደለም፤ ጀማሪም አዋቂም ሲ፣ ጂ እና ኤ ማይነር ኮርዶችን (በአንድነት የሚመቱ ድምፆችን) የሚይዘው አንገቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ባሉት ፍሬቶች ላይ፣ በተለይ በቀጫጭኖቹ ክሮች ሥር፣ ጎድጓዳ መስመር ይወጣል። ናይለን ክር ያለው ክላሲክ ጊታር በዚህ በኩል ዕድሜው ረጅም ነው።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀላል ነው፦ የተበላው ፍሬት ዝቅ ስለሚል ክሩ ሲርገበገብ ቀጥሎ ያለውን ፍሬት ይመታና ዝዝ ይላል። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። ክር በፍሬቱ አናት መካከል፣ በቀጭን መስመር ላይ ብቻ ነው ማረፍ ያለበት። አናቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ከተደፈጠጠ ክሩ የሚነሳው ከመካከሉ ሳይሆን በብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ሆዱ ላይ በሚያርፉበት፣ በኩል ካለው ጠርዝ ነው፤ የሚርገበገበው ርዝመት በግማሽ ሚሊ ሜትር አጠረ ማለት ነው። ከነት (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያልፉበት ባለ ስንጥቅ ቁራጭ) እስከ ብሪጅ 650 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ይህ ድምፁን ወደ 2.7 ሴንት ያህል ከፍ ያደርገዋል (ከአንዱ ፍሬት እስከ ቀጣዩ ያለው የድምፅ ርቀት፣ ሴሚቶን፣ 100 ሴንት ነው)። ብቻውን ሲሰማ ኢምንት ነው። ነገር ግን ፍሬቶቹ እኩል አይደፈጠጡም፤ ስለዚህ አንዱ ኮርድ ጥርት ብሎ ሌላው ይጎረብጣል፣ ተጫዋቹም መቃኛውን ሲወቅስ ይኖራል። በዚያ ላይ ጠፍጣፋ አናት ላይ የተኛ ክር ድምፁ ደብዘዝ ይላል፤ አንዳንዴም እንደ ሲታር ይንጫጫል።

ሞረድ ከመነሳቱ በፊት

ዝዝታ ሁሉ የፍሬት በሽታ አይደለም። ክሩ ሳይያዝ፣ በባዶው ሲመታ ብቻ ዝዝ የሚል ከሆነ ጥፋቱ የነቱ ነው፤ የነቱ ስንጥቅ ከልክ በላይ ጠልቋል። 4ኛው ላይ ሲያዝ ዝዝ ብሎ 5ኛው ላይ ሲያዝ ጸጥ የሚል ከሆነ፣ ወይ 5ኛው ከፍ ብሏል ወይ 4ኛው ተበልቷል። በሁሉም ቦታ፣ በሁሉም ክር ላይ ከሆነ ግን ፍሬቱን ይተዉትና ወደ አንገቱና ወደ ወቅቱ ይመልከቱ።

ወቅቱ ጎንደር ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ያይላል፣ ከጥር እስከ መጋቢት አየሩ ይደርቃል። አኮስቲክ ጊታር በክረምት እርጥበት ይጠጣና ፊቱ ያብጣል፤ ብሪጁ ከፍ ሲል ክሮቹም አብረው ከፍ ይላሉ። በበጋ ይሟሽሽና ክሮቹ ይወርዳሉ። ነሐሴ ላይ ንጹሕ የነበረ ጊታር በየካቲት ዝዝ ማለት ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። በዚህ ምክንያት በየካቲት ፍሬት የሞረደ ሰው በክረምት የሚያገኘው ክሩ የተንጠለጠለ፣ ፍሬቱም ያነሰ ጊታር ነው። በዚሁ የደረቅ ወቅት ፊንገርቦርዱ በወርዱ ይሸማቀቃል፤ ብረቱ ግን አይሸማቀቅምና የፍሬቶቹ ጫፍ ወደ ውጭ ወጥቶ መዳፍ ይቧጭራል። ጫፎቹን ለመሞረድ የተሻለው ጊዜ ያኔ ነው፤ እንጨቱ ከዚያ በላይ ስለማይሸማቀቅ በዓመቱ መልሰው አይወጡም። ለጥምቀት መድረክ የሚፈለግ ጊታር ካለ ሥራው በታኅሣሥ መጀመሪያ ይጀመር፤ በዋዜማው ሞረድ ከማንሳት ክር ለውጦ ማለፍ ይሻላል።

ቀጥሎ የአንገቱ ጉብጠት ይለካል። ጊታሩ በሚጫወቱበት ልክ ተቃኝቶ፣ አንዱ ክር በ1ኛው እና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ይያዝ። ያ ክር አሁን ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነ። በ7ኛው ወይም በ8ኛው ፍሬት አናትና በክሩ መካከል ያለው ክፍተት በኤሌክትሪክ ጊታር ከ0.15 እስከ 0.25፣ በአኮስቲክ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። መለኪያው ሩቅ አይደለም፤ መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት ፊለር ጌጅ ለዚህም ይሆናል። እሱ ከሌለ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለት ቅጠል ደርቦ ማሳለፍ ነው። ክፍተቱ ከበዛ ወይም ጨርሶ ከሌለ አንገቱ ውስጥ የተቀበረው ዘንግ፣ ትረስ ሮዱ፣ በብሩጎላ ይስተካከላል። ወደ ቀኝ ሲጠብቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ወደ ግራ ሲላላ ክሮቹ ወደፊት ይስቡታል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፉ፤ መልሰው ቃኝተው ይለኩ። ብሩጎላው አልሄድም ካለ አያስገድዱት፤ የተሰበረ ትረስ ሮድ ከሁሉም ፍሬት ይበልጥ ያስወጣል። ብዙ ክላሲክ ጊታሮች ይህ ዘንግ የላቸውም።

ከዚያ የላላ ፍሬት ይፈለጋል። በጠንካራ ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ በካቻቢቴ እጀታ፣ እያንዳንዱ ፍሬት በሁለቱ ጫፍና በመካከሉ በስሱ ይመታል፤ የላላው ድምፁ ባዶ ነው፣ በጣት ሲጫኑትም ይወርዳል። እንዲህ ያለው ፍሬት ከተሞረደ በኋላ ተመልሶ ከተቀመጠ ዝቅ ይላልና መጀመሪያ ሥሩ ቀጭን ሱፐር ግሉ ጠብ ተደርጎ፣ ከላይ እንጨት ተደርጎበት በክላምፕ ተጨምቆ ይደር። ዙሪያው በወረቀት ፕላስተር ካልተሸፈነ ግሉው ቀለሙን ያበላሻል።

በመጨረሻ የቀረው ቁመት በካሊፐር ይለካ። ሥራው ሲያልቅ ከ0.7 ሚሊ ሜትር በታች የሚወርድ ፍሬት ለጣት አይመችም። ጉድጓዱ 0.3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ በሦስት ፍሬት ጥፋት ሃያውን ሁሉ ዝቅ ማድረግ ብክነት ነው። ያኔ የተጎዱትን ሦስቱን ነቅሎ መለወጥና ከቀሩት ጋር ማመጣጠን ይሻላል።

መሣሪያው

ዋናው ዕቃ ቀጥ ያለ ረጅም ነገር ነው። ለዚህ የሚሸጠው ውድ ዘንግ ከሌለ መስታወት ቆራጮች ዘንድ ይሂዱ፤ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ ይቆረጥሎት። የፋብሪካ መስታወት እጅግ ጠፍጣፋ ነው፤ የመስኮት አሉሚኒየም ቱቦ ግን ብዙ ጊዜ ጠመም ይላል። የመስታወቱ ጠርዞች እንዳያደሙዎት በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሷቸው። በአንደኛው ፊቱ ላይ 320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በሁለት ጎን በሚለጥፍ ፕላስተር ይለጠፋል።

ከፍ ያለ ፍሬት የሚታወቀው ሦስት ፍሬት ላይ ብቻ በሚያርፍ አጭር ማስመሪያ ነው፤ ማስመሪያው ከተወዛወዘ መካከለኛው ከፍ ብሏል። ወደ ብሪጁ ሲኬድ ፍሬቶቹ እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ አንድ ርዝመት ለሁሉም አይሆንም። ባለ 30 ሴንቲ ሜትር የተማሪ የብረት ማስመሪያ ገዝተው በብረት መጋዝ 70፣ 50 እና 35 ሚሊ ሜትር አድርገው ይቁረጡት። በ650 ሚሊ ሜትሩ ጊታር 70ው ከ1ኛ ጀምሮ በ6ኛ እስከሚጀመረው ሦስት ፍሬት፣ 50ው በ7ኛ ከሚጀመረው በ12ኛ እስከሚጀመረው፣ 35ቱ ከ13ኛ ወዲያ ይሠራል። የተጋዘውን ጫፍ ሸካራነት በሞረድ ያስወግዱ፤ የፋብሪካውን ቀጥ ያለ ጠርዝ ግን አይንኩት።

የተቀረው፦ ማርከር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500 እና 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ላጲስ፣ ብራሶ (የብረት ማወልወያ)፣ አናጺዎች መጋዝ የሚስሉበት ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ። አቧራው ኒኬል ስላለበት አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ።

ማመጣጠን

ክሮቹ ይወጣሉ። የክሩ ጉተታ ሲነሳ አንገቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ትረስ ሮዱ ላላ ተደርጎ ፍሬቶቹ መስታወቱ ተደርጎባቸው ሲለኩ ቀጥ እስኪሉ ይስተካከላል። እዚህ ላይ የሚደረግ ቸልታ ዋጋ ያስከፍላል፦ አንገቱ ወደፊት እንደጎበጠ ቢሞረድ 1ኛውና የመጨረሻዎቹ ፍሬቶች ያለ ጥፋታቸው ይበላሉ፤ ወደ ኋላ እንደጎበጠ ቢሆን ደግሞ መካከለኞቹ። ጊታሩ በታጠፈ ጋቢ ላይ ይተኛ፤ ከአንገቱ ሥር የሚደረገው ድጋፍ ግን አንገቱን ወደ ላይ የሚገፋ አይሁን።

እንጨቱ በፕላስተር ይሸፈንና የሁሉም ፍሬት አናት በማርከር ይቀባል። መስታወቱ በክሮቹ አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ ክብደቱ ራሱ ይበቃል፣ መጫን አያስፈልግም። ፊንገርቦርዱ በወርዱ ጎበጥ ያለ ስለሆነ (በክላሲክ ጊታር ግን ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ነው) ከወፍራሙ ክር ቦታ ጀምሮ ወደ ቀጭኑ ቀስ እያሉ ጉብጠቱን ተከትለው ይሂዱ፤ በየቦታው የሚደረገው ምት እኩል ይሁን። ከጥቂት ምት በኋላ ይቆሙና ቀለሙን ያያሉ። ቀለሙ የጠፋበት ተነክቷል፣ ያልጠፋበት ዝቅ ያለ ነው። በሁሉም ፍሬት ላይ ቀጭን የተነካ መስመር ሲወጣ ማቆም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ብረት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አንድ የጠለቀች ጉድጓድ ጥግ ላይ ቀርታ ሌላው ሁሉ ከተነካ ይተዉአት፤ ሌሎቹን ሁሉ ለእሷ ብሎ ማውረድ ትርፍ የለውም።

አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ በአኮስቲክ ብዙ ጊዜ 14ኛው ፍሬት ጋ፣ እንጨቱ እብጠት የሚያወጣበት ጊታር ብዙ ነው። እዚያ የሚገኙ ፍሬቶች ከሌሎቹ በጣም ቀድመው ቀለማቸው ይጠፋል። አይደንግጡ፤ የመስታወቱን ግማሽ ብቻ አድርገው ከ12ኛው ወዲያ ጥቂት ምት ቢጨምሩ የተሻለ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ፍሬቶች በጥቂቱ ዝቅ ቢሉ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

አናቱን መልሶ ማጉበጥ

አሁን ፍሬቶቹ እኩል ሆነዋል፣ ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ናቸው። ከሥራው ሁሉ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰላቸውም እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዎች ክራውን ማድረግ ይሉታል።

ለዚህ የተሠራ፣ ሆዱ ጎድጎድ ያለ ሞረድ ካለ ሥራው ይፈጥናል። ከሌለ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሞረድ ይዘጋጃል፦ ሦስቱም ጠርዞቹ በግራይንደር ተሞርደው ልስልስ ይሁኑ፤ ይህ ሲደረግ ሞረዱ እየጋለ ጥንካሬውን እንዳያጣ በየጊዜው ውኃ ውስጥ ይነከር። ልስልስ የሆነው ጠርዝ እንጨቱን ሲነካ አይቆርጥም፤ ጥርስ ያለበት ፊት ደግሞ የፍሬቱን ትከሻ ብቻ ይበላል።

የፍሬቱ አናት እንደገና በማርከር ይቀባል። ሞረዱ በአንድ በኩል ጋደል ብሎ ከክር እስከ ክር፣ በፍሬቱ ርዝመት ይሄዳል። በመጀመሪያ የሚጠፋው በትከሻው ላይ ያለው ቀለም ነው፤ በመካከል ሰፊ የቀለም ሪባን ይቀራል። በሌላው በኩልም እንዲሁ። ሞረዱን እየገለበጡ፣ ጋደል የሚልበትን ማዕዘን እየቀየሩ ሲሄዱ ሪባኑ እየጠበበ ይመጣል። ወርዱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ይቁሙ። ይህን መስመር ጨርሶ ማጥፋት የዚህ ሥራ ትልቁ ጥፋት ነው፤ ያ የቀለም መስመር በመስታወት የተስተካከለው ቁመት ስለሆነ እሱ ከተነካ ማመጣጠኑ ፈርሷል። መስመሩ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ሞረዱ በተቃራኒው ጎን ብዙ ሄዷል፣ በመካከል ሰፍቶ ጫፎቹ ላይ ከጠበበ ደግሞ ጫፎቹ ላይ ብዙ ሄዷል ማለት ነው፤ የቀረውን መስመሩ ካጋደለበት ጎን ወይም ከሰፋበት ቦታ ብቻ ይውሰዱ። ብርሃን ከጎን በኩል ቢመጣ መስመሩ ይለያል፤ ከመስኮት የሚገባ የረፋድ ብርሃን ከአምፖል ይሻላል።

ፕላስተሩ በሞረድ ስለሚቆረጥ ከባዶ የዘይት ጣሳ የተቆረጠ፣ መካከሉ በፍሬቱ ልክ የተሰነጠቀ ቀጭን ቆርቆሮ በላዩ ቢደረግ እንጨቱ ይጠበቃል። ከአይዝጌ ብረት (ስቴንለስ ስቲል) የተሠራ ፍሬት በዚህ ሞረድ አይደፈርም፤ ሞረዱን ያደክመዋል እንጂ እሱ አይደክምም፤ የአልማዝ ሞረድ ይጠይቃል።

ሲያልቅ ሦስቱ ማስመሪያዎች እንደገና በሁሉም ፍሬት ላይ ይሞከራሉ። የተወዛወዘ ካለ ያን አንድ ፍሬት ብቻ በትንሽ ሞረድ ነክተው አናቱን እንደገና ያጎብጡ።

ማወልወል

የሚያብለጨልጭ ፍሬት ሁሉ በደንብ የተሠራ አይደለም፤ በብራሶ ብቻ ተወልውሎ ጠፍጣፋነቱ እንዳለ የቀረ ጊታር ገበያ ላይ ይገኛል። ቢሆንም ማወልወሉ ጌጥ ብቻ አይደለም። ክር ሲሳብ (ቤንድ ሲደረግ) በፍሬቱ ርዝመት ስለሚንሸራተት የቀረ ጭረት በጣት ላይ እንደ አሸዋ ይሰማል፣ አዲሱንም ክር ይበላዋል።

ላጲሱ በፍሬቱ ላይ ተጭኖ ጎድጓዳ መስመር ሲይዝ 400 ቁጥር ወረቀት ይጠቀለልበትና የሞረዱ ጭረት እስኪጠፋ ይታሻል። ከዚያ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000። ቁጥር አይዝለሉ። ከ400 ወደ 1500 የዘለለ ሰው ፍሬቱ ሲያበራ ያያል፣ ከሥር ግን የ400ው ጭረት ተኝቷል፤ ያን ለማውጣት መመለሻው ወደ 600 ነው። በየቁጥሩ አቅጣጫ ቢለወጥ የቀድሞው ጭረት ስለሚለይ መቼ እንዳለቀ ይታወቃል፤ የመጨረሻው ግን በፍሬቱ ርዝመት ይሁን። በጣም አይጫኑ፣ የጉብጠቱን አናት መልሶ ያደፈጥጠዋል።

በመጨረሻ ጠብታ ብራሶ በጨርቅ፣ ጥቁሩ እስኪጠፋ መጥረግ። ከብራሶ ፋንታ 0000 ቁጥር የብረት ሱፍ የሚጠቀም ሰው በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ፒክአፖቹን (ከክሮቹ ሥር ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ማግኔቶች) አስቀድሞ በፕላስተር ይሸፍን፤ ብናኙ በማግኔቱ ይሳባል፣ ከገባ አይወጣም። ጫፎቹም በዚሁ ጊዜ በትንሽ ሞረድ 35 ዲግሪ ያህል ጋደል ተደርገው ማዕዘናቸው ይለሰልሳል።

ፕላስተሩ ሲነሳ ከቫርኒሽ ነፃ የሆነ ፊንገርቦርድ (ሮዝውድ ወይም ኢቦኒ) ቤቢ ኦይል በስሱ ይቀባና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይጠረጋል። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይኮመጥጣል፣ ይጣበቃል። ቫርኒሽ የተቀባ ሜፕል ዘይት አያስፈልገውም።

ክር ሲመለስ

አዲስ ክር ገብቶ፣ ተቃኝቶ፣ የአንገቱ ጉብጠት እንደገና ይለካል፤ ትረስ ሮዱ ላልቶ ነበርና አሁን ይጠብቃል። ፍሬቶቹ 0.1 ሚሊ ሜትር ስለወረዱ ክሩ በዚያው ልክ ከፍ ብሏል፤ በ12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ በኤሌክትሪክ ከ1.5 እስከ 2፣ በአኮስቲክ ከ2 እስከ 2.5፣ በክላሲክ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን በብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ ይስተካከላል። ነቱም ያንኑ ያህል ከፍ ብሎ ቀርቷልና 1ኛው ፍሬት ላይ የሚያዙ ኮርዶች ትንሽ ከፍ ብለው ይሰማሉ። የነቱ ስንጥቆች ጥቂት በጥቂት ይጠልቃሉ፤ ክሩ በ3ኛው ፍሬት ሲያዝ ከ1ኛው በላይ በዓይን ብቻ የምትታይ ክፍተት ትቅር። ከዚያ በላይ ከጠለቀ ክሩ በባዶው ዝዝ ይላል፤ ያኔ መፍትሔው ነቱን መለወጥ ነው።